አልጀብራዊ ክፍልፋይ ለማቃለል የትኛው መንገድ ይሻላል?

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። 11ኛ ክፍል ናት። ገጹ ላይ ይህ ጥያቄ አለ፦

(ሀ² + 5ሀ + 6) / (ሀ² − 4)

ላይ ያለውን ሀ² እና ታች ያለውን ሀ² በሰያፍ መስመር ሰርዛቸዋለች። መልሷ (5ሀ + 6) / (−4) ነው። መምህሩ ትልቅ ኤክስ አድርገውበታል። የተሳሳተችው የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

«አጎቴ፣ ሁለቱም እኮ ሀ² ናቸው። ለምንድን ነው የማይሰረዙት?» አለችኝ።

«እስቲ በሀ ቦታ 1 አስገቢ» አልኳት። ጥያቄው ላይ ስታስገባ ላይኛው 12፣ ታችኛው −3 ሆነ። ውጤቱ −4። ራሷ መልስ ላይ ስታስገባ 11 ለ −4 ተካፍሎ −2.75 መጣ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋ ትንሽ አየቻቸው። «እኩል መሆን ነበረባቸው» አለች። ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ ቀለለኝ።

መሰረዝ የምንለው ነገር ማካፈል ነው። 15/20ን 3/4 ስንል ላይኛውንም ታችኛውንም ለ5 አካፍለናል። ስለዚህ የሚሰረዘው ነገር ላይ ያለውን ሁሉ የሚያባዛ፣ ታች ያለውንም ሁሉ የሚያባዛ መሆን አለበት። በመደመር ወይም በመቀነስ ተያይዞ የቆመ ተርም ተነጥሎ አይሰረዝም። መጀመሪያ ፋክተር የምናደርገውም ለዚሁ ነው። ድምሩ ወደ ብዜት ሲቀየር የጋራው ይታያል፦

(ሀ + 2)(ሀ + 3) / [(ሀ + 2)(ሀ − 2)] = (ሀ + 3) / (ሀ − 2)

እዚህ ላይ 1 አስገቡ። −4 ይሰጣል።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ልጆቹ «ኑመሬተር» እና «ዲኖሚኔተር» ይላሉ። በአማርኛ የተማረ ሰው ላዕል እና ታህት ብሎ ያውቃቸዋል። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ያልታወቀውን ቁጥር ሀ ብዬዋለሁ፤ ደብተራችሁ ላይ ኤክስ ከሆነ ያው ነው።

ፋክተር ማድረጊያው መንገድ ብዙ ነው። ያስጠናኋቸው ልጆች አብዛኞቹ መንገዶቹን ያውቋቸዋል። የሚቸግራቸው የትኛውን መቼ መያዝ እንዳለባቸው ነው። እኔ ደግሞ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ጥያቄው «ሁሉንም ነገር ፋክተር አድርጉ» አይልም። «የጋራውን ፈልጉ» ነው የሚለው። ይህን ልብ ያለ ተማሪ ከሥራው ግማሹን ይተወዋል። ከዚህ በታች የማወዳድረውም በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ማባዛት ወይስ መጀመሪያ ፋክተር?

ሁለት ክፍልፋዮች ሲባዙ ይህ ምርጫ ይመጣል፦

(ሀ² − 9) / (ሀ² + ሀ) × (ሀ + 1) / (ሀ + 3)

ቅንፉን አባዝታችሁ ብትከፍቱ ላዕሉ ሀ³ + ሀ² − 9ሀ − 9 ይሆናል። ታህቱ ሀ³ + 4ሀ² + 3ሀ። አሁን ሁለት ባለ ሦስት ዲግሪ ፖሊኖሚያሎች ተቀምጠዋል። እነሱን መልሶ መበተን፣ ማለትም ፋክተር ማድረግ፣ ሊኖርባችሁ ነው። በእጃችሁ የነበረውን ነገር ራሳችሁ ደበቃችሁት ማለት ነው።

ፋክተር ብታስቀድሙ ግን ሀ² − 9 ማለት (ሀ − 3)(ሀ + 3) ነው። ሀ² + ሀ ማለት ሀ(ሀ + 1) ነው። (ሀ + 3) ከ(ሀ + 3)፣ (ሀ + 1) ከ(ሀ + 1) ጋር ይሰረዛል። መልሱ (ሀ − 3) / ሀ። ሁለት መስመር ብቻ። እዚህ ላይ ምርጫው አያከራክርም፤ ሁልጊዜ ፋክተር ይቅደም። ማካፈል ከሆነም ሁለተኛውን ክፍልፋይ ገልብጡና ያንኑ አድርጉ።

የጋራ ቁጥር ማውጣት

ይህ ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከሁሉም በፊት ይሠራል። ምክንያቱን በምሳሌ ላሳያችሁ፦

(6ሀ² − 12ሀ) / (3ሀ² − 12)

ታህቱን እንዳለ ብታዩት የካሬዎች ልዩነት አይመስልም። 3ም 12ም የሙሉ ቁጥር ካሬ አይደሉም። ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ያቆማል። 3ን ስታወጡ ግን 3(ሀ² − 4) ይሆናል፤ ያ ደግሞ 3(ሀ − 2)(ሀ + 2) ነው። ላዕሉ 6ሀ(ሀ − 2)። መልሱ 2ሀ / (ሀ + 2)።

ተርም ቆጥሮ መምረጥ

የጋራው ከወጣ በኋላ የቀሩትን ተርሞች ቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ የካሬዎች ልዩነት ወይም የኪዩብ ቀመር ሊሆን ይችላል። ሀ² − 25 ይበተናል። ሀ² + 25 ግን በእውን ቁጥሮች አይበተንም፤ ጊዜ አታባክኑበት። ሀ³ − 8 ደግሞ (ሀ − 2)(ሀ² + 2ሀ + 4) ነው። የኪዩቡ ቀመር ከጠፋባችሁ አትጨነቁ። 2ን ስታስገቡ ዜሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሀ − 2 ፋክተሩ ነው። ቀሪውን በማካፈል ታገኙታላችሁ።

አራት ተርም ከሆነ ሁለት ሁለቱን አቧድኑ። ለምሳሌ ሀለ + 3ሀ + 2ለ + 6 ሲቧደን ሀ(ለ + 3) + 2(ለ + 3) ይሆናል። ይህም (ሀ + 2)(ለ + 3) ነው። ከታች ለ² − 9 ቢኖር መልሱ (ሀ + 2) / (ለ − 3) ሆኖ ይወጣል።

ሦስት ተርም ሲሆንና ከሀ² ፊት ቁጥር ከሌለ፣ ሲባዙ የመጨረሻውን፣ ሲደመሩ የመካከለኛውን የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ። ሀ² − 2ሀ − 15 ላይ −5 እና 3 ናቸው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ከሀ² ፊት ቁጥር ሲቀመጥ ነው። እዚያ ላይ ረዘም ላድርግ።

አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መንገድ

(6ሀ² + 7ሀ − 20) / (4ሀ² − 25)

የመጀመሪያው መንገድ መካከለኛውን ተርም መክፈል ነው። 6 በ −20 ሲባዛ −120። ሲባዙ −120፣ ሲደመሩ 7 የሚሆኑ ቁጥሮች 15 እና −8 ናቸው። ስለዚህ 6ሀ² + 15ሀ − 8ሀ − 20 ብለን እንጽፋለን። ሲቧደን 3ሀ(2ሀ + 5) − 4(2ሀ + 5) ነው። ማለትም (2ሀ + 5)(3ሀ − 4)። መንገዱ አስተማማኝ ነው። የሚያዘገየው 15 እና −8ን ማግኘቱ ነው። 120 ብዙ አካፋዮች አሉት፤ ፈተና ላይ 1 እና 120፣ 2 እና 60፣ 3 እና 40 እያሉ መሄድ ደቂቃ ይበላል።

ሁለተኛው የኳድራቲክ ቀመር ነው። ዲስክሪሚናንቱ፣ ማለትም ቀመሩ ላይ ከሥር ምልክቱ ውስጥ ያለው፣ 49 + 480 = 529 ነው፤ የ23 ካሬ። ስለዚህ ሀ = (−7 ± 23) / 12፤ ማለትም 4/3 ወይም −5/2። ቀመሩ ግምት አይጠይቅም። ቁጥሩ ሲተልቅ ከሌላው ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ሀ² − 2ሀ − 323 ቢሰጣችሁ 323ን ከመበተን ይልቅ ዲስክሪሚናንቱን አውጡ። 1296 ነው፤ የ36 ካሬ። ፍቺዎቹ 19 እና −17። ፋክተሮቹም (ሀ − 19)(ሀ + 17)። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ከፍቺው ወደ ፋክተር ስትመለሱ ከፊት ያለውን ቁጥር መርሳት ይመጣል። በእኛ ጥያቄ (ሀ − 4/3)(ሀ + 5/2) ብሎ ማቆም ስህተት ነው፤ 6 ጠፍቷል። በ6 ሲባዛ ነው (3ሀ − 4)(2ሀ + 5) የሚሆነው።

ሦስተኛውን ነው እኔ የምወደው። ከባዱን ወገን ተዉትና ቀላሉን እዩ። ታህቱ 4ሀ² − 25 ነው። በዓይን ብቻ (2ሀ − 5)(2ሀ + 5) ይሆናል። የጋራ ፋክተር ካለ ከነዚህ ከሁለቱ ውጭ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ላዕሉን ለምን ከባዶ እበትነዋለሁ? ሁለቱን ብቻ እፈትናለሁ። 2ሀ + 5 ዜሮ የሚሆነው ሀ = −5/2 ሲሆን ነው። ላዕሉ ላይ ሳስገባው 37.5 − 17.5 − 20 = 0። ተገኘ፤ 2ሀ + 5 የጋራ ነው። የቀረውን ቅንፍ ለማግኘት ጫፍና ጫፉን ማየት ይበቃል። 6ሀ² ለ2ሀ ሲካፈል 3ሀ፣ −20 ለ5 ሲካፈል −4። ቅንፉ (3ሀ − 4) ነው።

መልሱ በሁሉም መንገድ አንድ ነው፦ (3ሀ − 4) / (2ሀ − 5)።

ሦስተኛው ሌላም ጥቅም አለው። የጋራ ከሌለ ቶሎ ይነግራችኋል። ሁለቱንም ፈትናችሁ ዜሮ ካልመጣ ክፍልፋዩ አይቃለልም፤ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ። የሚሠራው ግን አንደኛው ወገን በቀላሉ ሲበተን ነው። ከላይም ከታችም ከባድ ከሆነስ?

ሁለቱም ወገን ሲከብድ

ከቁጥር ልጀምር። 221/299ን አቃልሉ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? ለ2 አይካፈልም፤ ለ3ም፣ ለ5ም፣ ለ7ም፣ ለ11ም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «አይቃለልም» ብሎ ይተወዋል። ሌላ መንገድ አለ፤ ቀንሱ። 299 − 221 = 78። ሁለቱን የሚያካፍል ቁጥር ካለ ልዩነታቸውንም ማካፈሉ የግድ ነው። ከ221 ላይ 78ን ሁለቴ ስንቀንስ 65 ይቀራል። 78 − 65 = 13። 65 ደግሞ ለ13 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የጋራው 13 ነው። 221 = 13 × 17፣ 299 = 13 × 23። መልሱ 17/23። 221ንም 299ንም ለመበተን አልሞከርንም። የጋራቸውን ብቻ ጠየቅን።

ይህ ዘዴ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ያስተማረው ነው። ሲሞን ስቴቪን የተባለ የፍላንደርስ ሰው ደግሞ በ1585 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ለፖሊኖሚያል ተጠቀመበት። ለእኛም ያገለግላል፦

(ሀ³ + ሀ² − 5ሀ − 2) / (ሀ³ + 7ሀ² + 13ሀ + 4)

ይህን ለመበተን ብትነሱ የሚሞከሩ ቁጥሮችን እያስገባችሁ ትቆያላችሁ። ከታህቱ ላዕሉን ብትቀንሱስ? ሀ³ ይጠፋል። የሚቀረው 6ሀ² + 18ሀ + 6 ነው። 6ን አውጡ፦ ሀ² + 3ሀ + 1። በአንድ መቀነስ ብቻ እዚህ ደረስን። የጋራ ፋክተር ካለ ከዚህ ውስጥ ነው። ላዕሉን ለሀ² + 3ሀ + 1 ስናካፍል ሀ − 2፣ ታህቱን ስናካፍል ሀ + 4 ይወጣል። ሁለቱም ያለ ቀሪ። መልሱ (ሀ − 2) / (ሀ + 4)።

ልብ በሉ፣ ሀ² + 3ሀ + 1 ራሱ በሙሉ ቁጥር አይበተንም። ዲስክሪሚናንቱ 5 ነው። የምንፈልገው የጋራውን ስለሆነ መበተኑ አላስፈለገንም። ይህ መጀመሪያ የገባኝ ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ታዲያ ሁልጊዜ ለምን በመቀነስ አንሠራም? ዲግሪያቸው ሲለያይ ወይም ከፊት ያሉት ቁጥሮች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ማካፈሉ ይረዝማል፤ ክፍልፋይ ኮፊሸንቶች ይመጣሉ፤ ስህተት ይበዛል። ለኳድራቲክ ጥያቄ ቀላሉን ወገን ማየት ይፈጥናል። ሦስት ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ከሁለቱም ወገን በር ሲጠፋ ግን መቀነስን ሞክሩ።

የተገለበጠ ምልክት

(9 − ሀ²) / (ሀ² − ሀ − 6) ሲበተን (3 − ሀ)(3 + ሀ) / [(ሀ − 3)(ሀ + 2)] ይሆናል። 3 − ሀ እና ሀ − 3 አንድ አይደሉም፤ ግን ተቃራኒ ናቸው። አንዱ ለሌላው ሲካፈል −1 ነው። መልሱ −(ሀ + 3) / (ሀ + 2)። ልጆች ሁለት ስህተት ይሠራሉ። ወይ አይሰረዝም ብለው ይተዉታል፣ ወይ ሰርዘው ቀናሿን ይጥሏታል። 3 + ሀ እና ሀ + 3 ግን አንድ ናቸው፤ እዚያ ቀናሽ አታምጡ። ልማድ ከፈለጋችሁ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም ከትልቁ ዲግሪ ወደ ትንሹ ደርድሩ። ከፊት ቀናሽ ከመጣ −1ን አውጡ።

ክፍልፋይ በክፍልፋይ ውስጥ

12ኛ ክፍል ሊሚት ላይ ይህን የመሰለ ይመጣል፦

(1/ሀ − 1/3) / (ሀ − 3)

አንዱ መንገድ ላዕሉን ለብቻው ወደ አንድ ክፍልፋይ ማምጣት ነው፤ (3 − ሀ) / 3ሀ። ከዚያ ለ(ሀ − 3) ማካፈል፣ ማለትም ገልብጦ ማባዛት። ሌላው ላይና ታቹን በአንድ ጊዜ በ3ሀ ማባዛት ነው። ወዲያው (3 − ሀ) / [3ሀ(ሀ − 3)] ይሆናል። ሁለቱም −1 / 3ሀ ላይ ያደርሳሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ትንንሾቹ ክፍልፋዮች በአንድ እርምጃ ይጠፋሉ፤ ተደራርቦ የሚጻፍ መስመር አይኖርም። ገልብጦ ማባዛት ላይ የቱ እንደሚገለበጥ ለሚምታታበት ልጅ ደግሞ እረፍት ነው።

ማረጋገጫው

የትኛውንም መንገድ ብትይዙ መጨረሻ ላይ ቁጥር አስገብታችሁ ፈትሹ። እኔ 10ን እወዳለሁ፤ በቃል ለመሥራት ይቀላል። ቅድም በሦስት መንገድ የሠራነውን እንይ። ጥያቄው ላይ 600 + 70 − 20 = 650፣ ታቹ 400 − 25 = 375። 650/375 በ25 ሲቃለል 26/15 ነው። መልሱ ላይ 3ሀ − 4 = 26፣ 2ሀ − 5 = 15። ገጠመ። 0ን እና 1ን ለመጨረሻ ፍተሻ አልመክርም። የእህቴን ልጅ ስህተት 1 አጋልጦታል፤ ግን 1 ካሬውም ኪዩቡም ያው 1 ስለሆነ ሀ²ን ሀ ብሎ የጻፈን ሰው አይነግርበትም። ቁጥሩ ካልገጠመ መልሱ በርግጠኝነት ስህተት ነው። ከገጠመ ትክክል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሌላ አንድ ቁጥር ብትጨምሩ ደግሞ ይበልጥ ትተማመናላችሁ።

የእህቴ ልጅ (ሀ + 3) / (ሀ − 2) ብላ ስትጨርስ ከጎኑ «ሀ ≠ 2፣ ሀ ≠ −2» ብዬ ጻፍኩላት። 2ው ገባት። −2 ላይ ግን ቆመች። «−2 እኮ ታች ላይ የለም አጎቴ» አለች። ልክ ናት፤ መልሱ ውስጥ የለም። «ወደ ጥያቄው ተመለሺ፤ እዚያ −2ን አስገቢ» አልኳት። ላይኛው 4 − 10 + 6፣ ዜሮ። ታችኛው 4 − 4፣ ዜሮ። የተቃለለው ግን −1/4 ይሰጣል። ሁለቱ በሁሉም ቦታ እኩል ናቸው፤ እዚህች ነጥብ ላይ ብቻ አንደኛው ዋጋ የለውም። የሰረዝነው (ሀ + 2) ቢጠፋም ክልከላው አብሮት አይጠፋም።

ግራፉን ከጎን ጀመረችው። መስመሩን ስባ −2 ጋ ስትደርስ እርሳሱን አነሳች። −1/4 ላይ ትንሽ ባዶ ክብ ሠራች። ከክቡ ማዶ ቀጠለች።